ስድስት ላይ የቆመው የዘር ቆጠራ

ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት ምሽት ቤታችንን የሚያሞቀው የባሕር ዛፍ ፍም ነበር። የኩራዙ ጢስ ግድግዳውን አጥቁሮታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉን አያታችን፣ አባባ የምንላቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው እኔንና ታላቅ እህቴን ይርገዱን ከፊታቸው ያስቀምጡና ዘር ያስቆጥሩን ነበር። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ጋብቻ የለም። እኔ ችኩሏ ስድስቱን ስም በአንድ ትንፋሽ አራግፍና ሰባተኛው ላይ እጮኻለሁ፤ «እንግዳው!» ተረቱ ያለው እሱ ጋ ነዋ!

እንግዳው ከባሕር ማዶ የመጣ ብረት አቅላጭ ነበር አሉ። ስሙን መጥራት ቢያቅተው ጊዜ ነው አገሬው እንግዳው ያለው። ያኔ ንጉሡ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ፈረንጁም፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ የመጣውም አንድ እሳት ዙሪያ ተሰብስቦ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ፣ ወናፍ እየነፋ አብሮ ያልበው ነበር። አባባ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና «አየሽ ልጄ፣ አገር የሠራው አገሬው ብቻ እንዳይመስልሽ፤ መጤውም አለበት» ይሉኛል። ኩራቴ ለጉድ ነበር። መድፉን እኔው የሠራሁት ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ይርገዱን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እዚያው አካባቢ ካለችው ከገሳይ መጡ። ይርገዱ ልጁን ገበያ አይታው ወዳዋለች፤ ሰሞኑን እንቅልፍም አልነበራት። ነገሩ ሁሉ አማረና «እንግዲህ ዘር ይቆጠር» ተባለ። አባባ ቀስ ብለው ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ከዚያ ወዲያ አናውቅም፤ ዘመኑ ርቋል» አሉ።

ረስተው መሰለኝ። አሳዘኑኝም። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ከምድጃው ጥግ ብድግ ብዬ «አባባ፣ እንግዳው አለ እኮ! ጋፋት ብረት ያቀለጠው!» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን እያሻሹ «ቀጥቃጭ ነበሩ በሉኛ» አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሡ። እኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ማረሻውን ይገዙታል እንጂ ልጁን አያገቡም። «እስቲ እንመካከርበት» ብለው ወጡ፣ እንደወጡም ቀሩ።

ይርገዱ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አባባም ከዚያ ወዲህ ዘር አላስቆጠሩንም። አንድ ምሽት ስለ እንግዳው ይንገሩኝ ብላቸው «ተይኝ እስቲ» አሉና ፍሙን በአመድ ዳፈኑት።

ዛሬ እዚሁ ደብረ ታቦር የታሪክ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጋፋት እወስድና «ይቺ አገር በነባሩም በመጤውም እጅ የተሠራች ናት፤ ኩሩባት» እላቸዋለሁ። ያጨበጭባሉ። አምና ልጄም ከመሀላቸው ነበረች። ጭብጨባው ሲበርድ እጇን አወጣችና «እማዬ፣ ከኛ ዘርስ እዚህ የሠራ ሰው አለ?» አለችኝ።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ይርገዱ ሳታገባ ሸብታ፣ እኔው ቤት ምሳ አዘጋጅታ እየጠበቀችን ነው። ነገ ለዚችም ልጅ ሽማግሌ ይመጣል።

«የለም የኔ ልጅ» አልኳት።

ምንም ሳትጠረጥር ወደ ጓደኞቿ ሄደች። የአባባ ተረት ከነፍሙ ከነጢሱ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ልጄን ያስቆጠርኳት ግን አባባ እስከ ቆሙበት ስም ድረስ፣ ስድስቱን ብቻ ነው።