የአዳራሹ ዋጋ

አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቆቦ ከተማ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሊጠልፋት የመጣን ሰው በመከላከሏ ለዚያው ሰው እንድትዳር ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ያጸደቀው የቴኳንዶ አሰልጣኛችን ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሁሉ ይህን ይዘህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ባለፈው ግንቦት የላክህልኝን ቪዲዮ ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ብዙ ባዶ እግሮች በአንድ ጊዜ ወለል ሲመቱ፣ ከዚያም ያ አጭር የኅብረት ጩኸት ተሰማኝ፤ እጆቼ ሳላዝዛቸው ተጨበጡ። ምስሉ ላይ አሰልጣኙ ጋቢ ተደርቦለት፣ ለአካባቢው ሰላም ላበረከተው አስተዋጽኦ ይመሰገን ነበር። አንተም በዓሉን አስመልክተህ ለምታዘጋጀው መጽሔት የሚሆን አንድ ገጽ ትዝታ እንድጽፍ ጠየቅኸኝ። ይኸው ጻፍኩ።

አዳራሹ ከመጋዘንነት የተረፈ ቤት ነበር። የማሽላ ብናኝ ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ስለቀረ፣ ላብ ሲያልበን ቤቱ እንደ ጎተራ ይሸት ነበር። ቆርቆሮው የተበሳሳ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጫጭን ዘንጎች ትወርዳለች፤ ከአፈሩ ወለል የምናስነሣው አቧራ በእነዚያ ዘንጎች ውስጥ ሲንሳፈፍ አየዋለሁ። የቆላው ነፋስ ሲበረታ ጣሪያው እየተንኳኳ የአሰልጣኙን ቆጠራ ይውጠው ነበር።

አሰልጣኙ ከደሴ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው ነበር። በአገራችን ጎረምሳ ያለ ዱላ ከቤቱ እንደማይወጣ ታውቃለህ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱላውን ይዞ ሊገባ የሞከረውን ልጅ በር ላይ አስቁሞ፣ «እሱ ውጭ ይጠብቅህ፣ አልተመዘገበም» ማለቱን አስታውሳለሁ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ቂም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዱላ በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተደግፎ ይውል ጀመር። የገበያ ቀን ድብድብ በረደ። ጠብ ሲነሣ እናቶች ከፖሊስ በፊት ወደ እሱ ይሮጡ ነበር፤ እሱም ተማሪዎቹን ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር ደጋግሞ ተቀምጧል። ይህን ልክድ አልችልም፤ ለመካድም አልጻፍኩም።

እኔንና ያችን ተማሪ፣ ጓደኛዬን፣ ያስመዘገቡን አባቶቻችን ናቸው። ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ በማሽላ ማሳ መካከል ያልፍ ነበር፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን ምን እንደሚሸሽግ ሁሉም ያውቃል። በልምምድ ጥንድ የተደረግነው ቁመታችን ስለተቀራረበ ብቻ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከወንዶቹም ትበልጥ ነበር። በገበያ በኩል ስናልፍ አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ «እናንተ ባለ ነጭ ሱሪዎች፣ ነገ ባላችሁን ልትረግጡት ነው?» ስትለን፣ ጓደኛዬ ሳትቆም፣ «እንደ ጠባዩ ነዋ፣ እትዬ» አለቻት። በርበሬ ሻጯ እስክናልፋት ድረስ ስትስቅ ነበር።

ማሽላው ታጭዶ፣ አገዳው በየማሳው ተከምሮ በነበረበት ሰሞን ሊጠልፋት የፈለገው ሰውዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከክምሩ ጀርባ ወጣ። የጓደኛዬን ክንድ ያዘ። እሷ ዞረች፤ እግሯ ሲነሣ አላየሁትም፣ የመንጋጋውን ድምፅ ግን ሰማሁ። ጓደኞቹ ፈዘው ቀሩ። እኛ ሮጥን። ቤታችን ደጃፍ ደርሰን ትንፋሻችን ሲመለስ ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር፤ ማስተር የምንለው አሰልጣኛችን ሳንጮህ እንድንመታ አይፈቅድም ነበር፦

«ሳልጮህ መታሁት፤ ማስተር ይቆጣኛል።»

ፖሊስ ጋ የሄደ የለም። የሰውየው ቤተሰብ ጎሳው ብዙ፣ ቂሙ ረጅም ስለነበር ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለ፤ ስፍራውም አዳራሹ ሆነ። እኛ ሴቶች እንድንገባ አልተፈቀደም። እኔና እሷ በኋላ በኩል፣ በቆርቆሮው ግድግዳ ክፍተት እያየንና ጆሯችንን እያስጠጋን ቆምን። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ጉንጬን ያቃጥለኝ ነበር።

«የተሰበረው የአንድ ሰው መንጋጋ አይደለም» አሉ ዋናው ሽማግሌ። «ነገ ወንድም ለወንድሙ ይነሣል። ደሙ በዝምድና ይድረቅ፤ ልጅቱን ስጡና ይብቃ።»

አባቷ ወደ አሰልጣኙ ጠቆመ። «ልጄን ለዚህ ያበቃት እሱ ነው» አለ። «እሱ ያለውን እቀበላለሁ።»

አሰልጣኙ ተነሣ። ትምህርት ሲጀመር እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ለሰላም ሲባል፣ እሺ» አለ።

 ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። ጓደኛዬ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«እሺ ነው ያለው?»

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነበር። በዓመቱ የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ሆነ፤ ሲሚንቶውን ያመጡት የሙሽራው ዘመዶች ናቸው። ሴት ልጅ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልገባችም። የከለከለ አልነበረም፤ የሚልክ አባት ጠፋ እንጂ። እኔም ትምህርቴን ይዤ ወጣሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለዶክትሬት ጥናቴ የራያን ሽምግልና መርጬ ተመለስኩ። ለምን እንደመረጥኩት የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ዋናው ሽማግሌ በሕይወት ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከደጃፋቸው ባለው አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያን ቀን አንሥቼ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ቃል እምቢ እንዲባል ነው የሚነገር» አሉኝ። «ከባዱን እናስቀድማለን፣ እምቢ ይባላል፣ እንለማመጣለን፣ እንወርዳለን። ለካሳው የሚሆነው ወይፈን በር ላይ ታስሮ ነበር እኮ።»

«ታዲያ አባቷ ለምን እምቢ አላለም?»

«አባት በራሱ አፍ እምቢ ካለ ንቀት ይሆናል። እምቢ የሚልለት ሰው ያቆማል። ያንን አሰልጣኛችሁን ያቆመው ለዚያ ነበር።»

«ቃሉን ግን መመለስ ትችሉ ነበር።»

«ሽማግሌ ፊት እሺ የተባለ ነገር እንዴት ይመለሳል? እኛም ደንግጠን ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ወይፈኑን ፈትተን ሰደድነው።»

ይህን በጥናቴ ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁት፤ ገምጋሚዎቹ አስደሳች ግኝት ነው አሉ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት በዚያው ጉዞ፣ ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሽንኩርት ስትሸጥ ነው። ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ሽማግሌው የነገሩኝን ልነግራት ሄጄ ነበር፤ ሳያት ግን ለማን እንደሚጠቅም አልታየኝም። ቀይ ሽንኩርት እየመረጠች፣ የተበላሸውን ወደ ጎን እያደረገች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ማስተር ደህና ነው? እግሩን ያመዋል ሲሉ ሰማሁ።»

ደህና ነው አልኳት። ሽንኩርቱን በፌስታል አድርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚሰጥ፣ እጄ ላይ አኖረችው።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ ገጽ ይህ ነው። መጽሔቱ ላይ እንደማታወጣው አውቃለሁ፤ አልጠብቅም። ለአሰልጣኙ ግን አንብብለት፤ ብቻውን ሳለም ቢሆን ይበቃኛል። ሐዘኑን አልጠየቅሁም፣ ይቅርታውም አያስፈልገኝም፤ እሷንም የሚመልሳት መልስ እንደሌለ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይመልስልኝ፦ ያን ቀን እጅ ነሥቶ እሺ ሲል፣ የሽማግሌ የመጀመሪያ ቃል እምቢ እንዲባል የሚነገር መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? አውቅ ነበር ወይም አላውቅም ነበር ይበል። «ለሰላም ሲባል» የሚለውን እንደ መልስ አልቀበልም።