አይሊ ላምፒ እና ከበረዶ ሥር ያለው ቱቦ

የእኔ ሥራ የሰው ሴፕቲክ፣ ያው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መምጠጥ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ ከሐይቅ ሐይቅ እየዞርኩ አርባ ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቼን ጉድ በመኪናዬ ጭኜ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ማን እንዴት እንደሚኖር ከፓስተራችን የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ። ክዳኑን ስከፍት የቤቱ ጠባይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የአይሊ ላምፒን ክዳን ስከፍት ግን የማማው ነገር አጥቼ እመለስ ነበር። ቅባት የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ምን የለ።

አይሊ ባሏ ከሞተ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ብቻዋን ኖረች። ሰፈሩ ሁሉ፣ ስድሳ ዓመት የደፈንኩት እኔ እንኳ ሳልቀር፣ አክስት አይሊ ነበር የምንላት። ውሃዋ ከራሷ ጉድጓድ ይወጣል፣ ፍሳሿ ወደ ራሷ ሴፕቲክ ይሄዳል፤ የሁለቱም አለቃ እሷ ነች። የእኛ ውሃ ብረት ይበዛበታል፤ ችላ ካሉት ነጩን ልብስ ዝገት ያስመስለዋል። እሷ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ምድር ቤት ወርዳ ማጣሪያውን ትቀይራለች። በረዶው ሲቀልጥ ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና ጨምራ አንድ ቀን ታቆየዋለች፤ ያን ዕለት ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያዋን፣ እንኳ አታነድም። ጥቅምት ሲሆን ደግሞ ከቤቱ እስከ ሴፕቲኩ በተቀበረው ቱቦ ላይ ድርቆሽ ታለብሳለች። በዚያ ላይ የወረደውን በረዶ ማንም እንዲረግጠው አትፈቅድም፤ ያልተነካ በረዶ ለቱቦው ብርድ ልብስ ነው፣ የተረገጠ ግን ብርዱን ወደ ታች ያሰርገዋል። አንድ እሁድ ፓስተሩ አቋራጭ ብሎ ሊያልፍ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ፓስተር፣ ለእርስዎም መንገድ ተሠርቷል!" ብላ አሳፍራዋለች።

ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ማንጠባጠብ አትወድም። የእቃ ማጠቢያውን ገንዳ ወትፋ ትሞላና ስትጨርስ በአንዴ ትለቀዋለች። በብዛት የሄደ ውሃ ቱቦው ውስጥ ሳይቆም ሴፕቲክ ይገባል ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት የጉድጓዱ ቧንቧ በረዶ ሆኖ ረጋባት። ለማንም ሳትናገር በምድጃ ላይ በረዶ እያቀለጠች ሳምንት ከረመች። ዱሉት ከተማ የምትኖረው ልጇ ማርሊስ ይህን ስትሰማ አበደች። እየነዳች መጥታ፣ "እማ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ከእንግዲህ የውሃው መግቢያም ይሁን የፍሳሹ መውጫ አንዴ ከረጋ እኔ ጋ ትመጫለሽ" አለቻት። አይሊ እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ። እኛ የፊንላንዶች የልጅ ልጆች ደግሞ እጅ ከተጨበጠ ወዲያ ወሬ የለም።

በቀጣዩ ጥር ብርዱ አምስት ቀን ሙሉ ከዜሮ በታች አርባ ላይ ቆመ። ማክሰኞ ልጠይቃት ሄጄ ምድር ቤት ወረድኩና የመግቢያውን ቧንቧ ስነካው እጄን ነከሰኝ። ይህ ከረጋ አክስት አይሊ ከዚህ ቤት ሄደች ማለት ነው። ደንግጬ ወጣሁና የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንደ ክር አድርጌ ከፈትኩት። እንዲህ ሲበርድ፣ የሚሄድ ውሃ አይረጋም ብሎ፣ እኛ ጋ የማይከፍት ቤት የለም።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለችኝ።

"መግቢያሽ እንዳይረጋ ነዋ።"

"መውጫውስ? እንዲህ በክር በክር እየሄደ ቱቦው ውስጥ ይጋገርብኛል። ዝጋው!"

"አርባ ዓመት እዚያ ውስጥ የኖረ ሰው ነው የምታስተምሪው?"

"መኖርህንማ ሽታህ ይናገራል።"

"ሦስት ቀን ብቻ፣ አክስት አይሊ። ብርዱ ጋብ ሲል ትዘጊዋለሽ።"

ቧንቧውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሌላ ስድብ ስጠብቅ፣ "እሺ፣ እንዳልክ" አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ እኔ ነኝ ያልኩት ባለሙያ፣ አሸነፍኩ ብዬ ሄል የገባበትን ዳቦዋን ጎርሼ ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ሬይኖ፣ ገንዳው ወደ ላይ እየመለሰ ነው" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

መኪናዬን አስነሳሁ። ሄጄ የሴፕቲኩን ክዳን ስከፍት የቱቦው አፍ፣ ሰም በሰም ላይ እንደወረደበት ሻማ፣ በበረዶ ተደፍኗል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት በሙቅ ውሃ ጎማ ስታገል ዋልኩ። በመጨረሻ ቡልቅ ብሎ ተከፈተ፣ ገንዳውም ጎደለ።

"ማንም አላየንም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ለማርሊስ ምን ያስነግርሻል?" አልኳት።

እሷ ግን ስልኩን ይዛለች። "ማርሊስ፣ መውጫው ረግቶ ነበር። አዎ፣ ሬይኖ ከፈተው።"

ስልኩን ቀማኋት። አትክፈት እያለችኝ የከፈትኩት እኔ መሆኔን ለልጅቷ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ማርሊስ ስልኩን ለእናቷ እንድመልስ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፦ "እማ፣ ይሄ አይቆጠርም። የሬይኖን ጅልነት ባንቺ ላይ አንቆጥርም።"

"ሚያዝያ ላይ ነይና ውሰጂኝ" አለች አይሊ፤ ዘጋችው።

ተናደድኩ። "ልጅሽ ራሷ ቅሪ እያለችሽ! ምን ዓይነት ግትርነት ነው?"

"ግትርነቴ ቢኖርማ ጥሩ ነበር" አለችኝ። "ማክሰኞ ዕለት እንደተሳሳትክ አውቅ ነበር። ለመከራከር ደከመኝ፣ ሬይኖ። ደግሞ አንተ ከወጣህ በኋላ ልዘጋው እችል ነበር። ከዚህ ወንበር አራት እርምጃ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ ተቀመጥኩ፤ አልተነሳሁም።"

  ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ።

ሚያዝያ ሲገባ ማርሊስ መጣች። አይሊ የጉድጓዱን ፓምፕ ራሷ አጠፋች፤ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ፣ ምድር ቤት ወርዳ የውሃውን ታንክ አፍስሳ፣ ባዶው ቤት ውስጥ በክረምት የሚረጋ ጠብታ ውሃ እንዳይቀር አደረገች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።