ወንድሜን ያሳቀው ጢስ

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም የመጣው በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ ለጥቂት ጊዜ በተከፈተበት ሰሞን ነው። ከሚኒባሱ ሲወርድ ሸሚዙ ገላው ላይ ሳይሆን መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ በምህንድስና ተመርቆ፣ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ የሚጠራው ቢያጣ ጊዜ “እስኪ ትንሽ አንቺ ጋ ልረፍ፣ እቴ” ብሎ ነው የመጣው።

እኔ እዚህ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ጠዋት ተነስቼ እንደ ሥራ ቀን እለባብስና አልጋዬ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩት ወደየአገራቸው ሄደዋል። ኔትወርክም አንድ ቀን ይመጣል፣ ብዙ ቀን ይጠፋል። ከአከራዬ ጋር “እንዴት አደሩ” ከተባባልን በኋላ እስኪመሽ የገዛ ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ነበር። ስለዚህ ወንድሜ መጥቶ ፍራሹን ከአልጋዬ ማዶ ሲያነጥፍ፣ ደስ አለኝ ብል አይገልጸውም። ሰው የሚተነፍስበት ክፍል ውስጥ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ማጨሱን ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። አንድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ከጓሮው አቮካዶ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እርጥብ ሣር የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ግቢውን ሞልቶታል።

“ሲጋራ ጀመርክ እንዴ?” አልኩት።

“ሲጋራ አይደለም። ጋንጃ ነው። አትጩኺብኝ፣ እቴ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካምፓስ እያለሁ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ጓደኛዬ ሰጠኝ። ጭንቅላቴ የሚያርፈው በዚህ ብቻ ነው።”

“ሕግ የሚከለክለው ነገር ነው እኮ። ቢይዙህስ?”

“እዚህ አገር አሁን ማን እኔን ይፈልጋል?” አለና ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ዝም ያሰኘኝ። ወንድሜ ልጅ እያለ ሲስቅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር፤ ከተመረቀ ወዲህ ግን እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። አጭሶ ሲገባ ዓይኑ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ከዚያ ይርበዋል። ሽሮ ሠርቶ በርበሬውን አብዝቶ ያቃጥለኛል። የአከራዬ አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጥቶ ሲጮህ “ስብሰባ ጠርቷል” ይልና ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ እንስቃለን። ወሬ ጀምሮ መሐሉ ላይ “ምን እያልኩ ነበር?” ይላል። እኔ አስታውሰዋለሁ፣ እንደገና ይረሳዋል፣ በዚያም እንስቃለን። ሲተኛ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው። ተማሪዎቼን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሳስተምር የምናገረውን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ትምህርት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ማታ የለም።

አንድ ቀን እኔም ሳብኩ። እሱ አልለመነኝም፤ እንዲያውም “ለአንቺ አይሆንም” ብሎ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ልቤ እንደ ወፍጮ ሞተር ይመታ ጀመር። እጄ ሩቅ ያለ፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ከወንበሩ እስከ በሩ ያለው መንገድ አላልቅ አለኝ።

“ልሞት ነው” አልኩት።

“አትሞቺም። ያልፋል። እጄን ያዢ” አለኝ። ውሃ አጠጣኝ፣ እስኪያልፍልኝ ድረስ ስለ ልጅነታችን እያወራ እጄን ይዞ ቆየ። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። አንድ አባት፣ አንዲት እናት የወለዱን ሁለት ሰዎች ከአንድ ጢስ ያን ያህል የተለያየ ነገር ማግኘታችን ግን ይገርመኝ ነበር።

መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሥራ ለማመልከት የሚጠብቀው ኢንተርኔት ከነአካቴው ጠፋ። ወንድሜ ማታ ማታ ያጨስ የነበረውን ጠዋትም ጀመረ። ከየት እንደሚያገኘው አልነገረኝም፤ “ይኼኛው ከበፊቱ ይበረታል” ማለቱን ብቻ አስታውሳለሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ። ምግብ ሠርቶ መብላቱን ተወ። ወደ ጓሮ ሲወጣ እንኳ መጀመሪያ በሩን ገርበብ አድርጎ ውጭውን ያያል።

አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ክፍሉ ጨልሟል። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎበታል። እሱ ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ በማንኪያ ጭቃውን ይፍቃል።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“ዝም በይ። ይሰሙሻል።”

“እነማን?”

“ከወዲያ ያሉት። ስለኔ ነው የሚያወሩት። ስሜን ይጠራሉ።”

ከግድግዳው ወዲያ የአከራዬ የእህል ጎተራ እንጂ ሰው የለም። ይህን ነገርኩት። እንደዚያ አይቶኝ በማያውቅ ዓይን አየኝ።

“አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?” አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ምግብ መብላት አቆመ። አስቀድሜ ከሳህኑ እጎርስለታለሁ፣ “ይኸው፣ እኔም በላሁት” እለዋለሁ፤ እንጀራውን ገልጦ ከሥሩ ያያል። ብቻዬን በኖርኩበት ጊዜ ያን ያህል ብቸኝነት አልተሰማኝም። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ክንድ ባልበለጠ ርቀት የምትወደው ሰው ጠላት አድርጎ ሲያይህ፣ የምትሄድበት ቦታ የለም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ለሰው አልተናገርኩም። በመጨረሻ አከራዬ ናቸው ወደ ጓሮ ጠርተው “ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ያሉኝ። ሁሉን ያውቁ ኖሯል።

ወላጆቻችን የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በአንድ የበርበሬ ነጋዴ መልእክት ላክሁ። አባቴ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በጋሪ መጡ። ገብተው ከወንድሜ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ እንጂ ምንም አልጠየቁትም። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ብዙ ከቆዩ በኋላ እሱ ራሱ ተናገረ።

“አባባ፣ ድምፃቸው ይሰማዎታል?”

“እኔ አልሰማሁም፣ ልጄ” አሉ። “አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ። ስትሰማው ትፈራለህ?”

“በጣም።”

“እንግዲያ ፈርተህ ብቻህን አትቀመጥ። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ። እኔ ከጎንህ አልነሳም።”

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ “የለም፣ ምንም የለም” እያልኩ ስከራከረው ነበር። አባቴ ሳይከራከሩት ተነሳላቸው። በጠራራ ፀሐይ ሁለቱ ተያይዘው በዋናው መንገድ ሲሄዱ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ባጃጆች ባለፉ ቁጥር ወንድሜ ይደነግጣል፤ አባቴ እጁን ጠበቅ ያደርጉታል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን የአእምሮ ጤና ነርስ ወጣት ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ። ወንድሜን ለብቻው አነጋገረው፣ ከዚያ ሁላችንንም አስገባ።

“ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?” ብሎ ጠየቀ።

“የለም” ልል አፌን ስከፍት አባቴ አንገታቸውን ደፉ።

“የእኔ ወንድም” አሉ። “ድምፅ ይሰማ ነበር። ለእነዚህ ልጆች መንኖ ሄደ ብለናቸው ነው። አልመነነም። ከቤት እንደወጣ ቀረ።”

እኔ ስለ አጎቴ የማውቀው በምናኔ ገዳም መግባቱን ብቻ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር እናቴ በጸሎት ስታነሳው ደስ ይለኝ ነበር።

ነርሱ ወቀሳ የሚመስል ቃል አልተናገረም። ጋንጃ ለሁሉም ሰው አንድ እንዳልሆነ ነገረን። አንዱ አጭሶ ይስቅና ይተኛል፣ በማግስቱ ሥራው ይሄዳል። ሌላው ይለምድበትና ያለሱ መተኛትም መብላትም ያቅተዋል። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ግን፣ በተለይ በወጣትነቱ፣ በየቀኑና ጠንካራውን ካጨሰ፣ አእምሮው የመታወክ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል።

ወንድሜ አንገቱን ቀና አደረገ። “መድኃኒት ነው ይላሉ እኮ። እኔንም ረድቶኛል። እንቅልፍ ሰጥቶኛል።”

“አልዋሸህም” አለው ነርሱ። “በሌላ አገር የካንሰር ሕክምና ሲያስታውካቸው፣ አንዳንድ ዓይነት የሚጥል በሽታም ሲኖርባቸው፣ ከዚሁ ተክል የወጣ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ። ያ ግን ተለክቶ፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው። የአንተን ማን ለካልህ? እንቅልፉንስ ሰጠህ፣ እንቅልፍ ያሳጣህን ነገር ግን ማን ጠየቀህ?”

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። አባቴም አለቀሱ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ የማንኛቸውን እጅ እንደምይዝ አላወቅሁም።

የታዘዘለትን ኪኒን ጀምሮ ትንሽ ሲረጋጋ ወደ ገጠር ወሰድነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ጠብቃን “አስተናግር አጭሶ ነው አይደል?” አለችኝ። አስተናግር የምትለው በየቆሻሻው ላይ የሚበቅለውን፣ የበላውን ሰው የሚያስለፈልፈውን ተክል ነው። ሌላ ነው ብዬ ብነግራት ለእሷ ልዩነት የለውም። ጠበል እንዲጠመቅ ፈለገች፤ ነርሱም “ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጥ” ብሎ ነበርና ማንም አልተቃወመም። ጠበሉ ቦታ አንድ ሰው “በእምነት የመጣ መድኃኒት አይውጥም” ቢላት፣ እናቴ “ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው?” ብላ ኪኒኑን በዚያው በጠበሉ አስዋጠችው።

ድምፆቹ እየራቁ፣ እየቀነሱ ሄደው ጠፉ። አንድ ቀን ጠዋት “ዛሬ ዝም አሉ” አለኝ፤ እንደ ለቅሶም እንደ ምሥራችም ሆኖ ነው የተናገረው።

አሁን ከአባቴ ጋር በርበሬ ይተክላል፣ ይለቅማል። ወፍሯል። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከመድኃኒቱ ነው ይላሉ። ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት አባቴ ናቸው። አብሮት ካምፓስ ያጨስ የነበረው፣ መጀመሪያ የሰጠው ጓደኛው፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ አግብቷል አሉ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ቅናት አልነበረበትም። “እሱን ምንም አላደረገውም” አለኝ ብቻ።

ትምህርት ቤቱም ተከፍቷል። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ባዶ ወንበር አለ፤ የቀሩትን አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቴ እንደተውኩት ይጠብቀኛል። ጧት የተውኩት ብርጭቆ እዚያው ነው። ያንን ጢስ እጠላዋለሁ፤ ወንድሜን ወስዶ ሌላ ሰው አድርጎ መልሶልኛል። ግን በዚህች ክፍል ውስጥ ያሳለፍኳቸው ደስ የሚሉ ማታዎች ሁሉ ያ ጢስ ያለባቸው ናቸው፤ ይህን ለማን እንደምናገረው አላውቅም። ለእናቴ አይነገርም።

ባለፈው ኅዳር ልጠይቀው ሄጄ ነበር። በርበሬው ቀልቶ፣ ሴቱም ወንዱም ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ከወንድሜ አጠገብ ሆኜ ስለቅም ቆየሁና ጠየቅሁት።

“ያምርሃል አንዳንዴ?”

ለቀማውን አላቆመም። “ጢሱ አያምረኝም” አለ። “ሳቁ ነው የሚናፍቀኝ። አሁንም የሚያስቅ ነገር ሳይ አውቀዋለሁ፤ እንደሚያስቅ ይገባኛል። ሳቁ ግን አይመጣም።”

“ይመጣል” አልኩት።

“ምናልባት” አለ።

ከሰዓት እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። መኪናው እስኪመጣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ቆምን። አብረኸኝ ና፣ ከኔ ጋር ኑር ብለው ደስ ባለኝ። ግን ለእሱ የሚበጀው አባቴ ያሉበት ቤት መሆኑን አውቃለሁ። ሚኒባሱ ሲቆም ቦርሳዬን አቀበለኝና “በርቺ፣ እቴ። ብቻሽን ብዙ አትቀመጪ” አለኝ።

በመስኮቱ ዞሬ ሳየው በመጣንበት መንገድ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በዝግታ፣ ወደ ማሳው እየተመለሰ ነበር።