ከጎንደር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት

ወንድሜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አላነሳ ስትለኝ ጨነቀኝና ትኬት ቆረጥኩ። ጠዋት ከደባርቅ በሚኒባስ ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድ፣ ዳባት ላይ የማላውቃቸው አሮጊት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ታሞብኝ ነው እማማ።»

«አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ከጎንደር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በመኪና ግን ከቀን በላይ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ አትሳፈር፤ ከወንድምህ ጋር ትተላለፋላችሁ። እሱ በመኪና ነው የሚመጣው» አሉኝ።

«እማማ፣ ወንድሜ እኮ ከአልጋ አይነሳም!»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብለው እጅጌዬን ያዙኝ። ለምን እሺ እንዳልኳቸው ዛሬም አላውቅም፤ ሻንጣዬን ይዤ ተከትያቸው ወረድኩ። ሚኒባሱ ሲሄድ ነው የባነንኩት።

«ምን አደረጉኝ? አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ፊታቸውን ወደ ጎንደር አዙረው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አወለቁና እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱ።

«እማማ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አልኳቸው።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ሚስት ናት።

«የት ነህ?» አለችኝ እያለቀሰች። «ይዘነው እየመጣን ነው፤ ጎንደርን አልፈናል።»