ከካስቴልሳርዶ ወዲያ

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በጥር ወር፣ ኦስሎ መሀል ባለች አንዲት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን የጨረስኩት ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከምኖርበት ከሮመን ሰፈር ቴባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ስሳፈር ጫማዬ በረዶ ገብቶበት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ካልሲ ዋልኩ።

ቢሮው የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሜዲትራኒያን ደሴቶች ዳርቻ በባለሸራ ጀልባ የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ። አለቃዬ ቱሪል የጣሊያኗን ደሴት የሰርዴኛን የባሕር ካርታ፣ ርቀት የሚለካበትን ባለሁለት እግር ኮምፓስና አንድ ወፍራም የወደቦች መምሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ዋና ትችያለሽ?» አለችኝ። በአገሩ ቋንቋ «አይ» ብዬ መለስኩላት፦

«ኔይ።»

«ጀልባ ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኔይ።»

«ጥሩ። ነድተው የሚያውቁት መጽሐፉን አያነቡትም። አንቺ አንብቢው።»

እኔም አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።

በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ሲገቡ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «አቶ» ብዬ ከነአባታቸው ስም ጠራኋቸው። ሰውየው ኋላቸውን ዞረው አዩ፤ ሌላ ሰው የተጠራ መሰላቸው። ቱሪል ሳቀች። «እዚህ አገር አቶ የሚባል የለም፤ በስሙ ጥሪው» አለችኝ። አፌ ቀስ በቀስ ለመደው። ወገቤ ግን ብድግ ማለቱን አልተወም።

የሥራው አካሄድ ይህን ይመስላል። ደንበኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያለ ካፒቴን ጀልባ ይከራያል። እኔ የየቀኑን ዕቅድ አወጣለታለሁ፦ ስንት የባሕር ማይል እንደሚሄድ፣ የት ወደብ እንደሚያድር፣ ወደቡ ከሞላ የት መልህቅ እንደሚጥል፣ ውኃ የት እንደሚቀዳ። ባለሸራ ጀልባ በሰዓት አምስት ማይል ያህል ይሄዳል። በቀን ከሠላሳ ማይል በላይ አላወጣም ነበር። ሰው መዋኘት አለበት፣ ምሳ መብላት አለበት፣ መጨቃጨቂያም ጊዜ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ የማስበው ነፋሱን ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ሚስትራል የሚባል ነፋስ አለ። በሰርዴኛና በኮርሲካ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ሲገባ ጉልበቱ ይጨምራል፤ አንዴ ከተነሣም ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጀልባ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ደስ ብሎት ይሄዳል። ሲመለስ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ በሰርዴኛ ምዕራብ ካለው ከአልጌሮ ወደብ የሚነሣ ደንበኛ ሰሜን ጠረፍ ላይ ካለችው ካስቴልሳርዶ መመለስ አለበት። ይህን ካርታው ላይ በእርሳስ አስምሬበት ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ጓደኛዬ ጸዳለ ያዘችኝ።

«አንቺ፣ የመዋኛ ገንዳ እንኳ የምትፈሪ፣ ሰውን ባሕር ላይ ትሰጂያለሽ አሉ?»

«እኔ መንገዱን ነው የማወጣው።»

«እሱስ ይሁን። ሽማግሌዎቹ ይሰሙሻል? እኔ ጋ ያሉት ‹ኔይ፣ ዛሬ ትታጠባለህ› ካላልኳቸው ንቅንቅ አይሉም።»

«ለሽማግሌ እንደዚያ ትያለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሳለዝበው ጨዋታ ይመስላቸዋል።»

ሳቅኩባት። ነገሩን ግን ልብ አላልኩትም።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሩናርና ሚስታቸው ኢንገር መጡ። ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ሩናር ፊዮርድ በሚባለው የኦስሎ የባሕር ሰርጥ አርባ ዓመት ሸራ የጎተቱ ሰው፣ ኢንገር ደግሞ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። ሩናር መኪና ሊያቆሙ ሲወጡ ኢንገር ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የማየው ነገር መሀሉ እየጠፋ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቶኛል። ሐኪሙ በሚቀጥለው ዓመት የጀልባ መሪ መያዝ እንደማልችል ነግሮኛል። በዚህ ጉዞ በየቀኑ መሪውን መያዝ የምፈልገው እኔ ነኝ። ለእሱ ገና አልነገርኩትም።»

አጫጭር ቀኖች አወጣሁላቸው። አልጌሮ፣ ስቲንቲኖ፣ ካስቴልሳርዶ፣ ከዚያ መልስ። በየቀኑ መሪው እሳቸው እጅ እንዲሆን፣ ነፋስ ቢመጣ እንኳ መጠጊያ እንዲኖር አድርጌ።

ሩናር ዕቅዱን አይተው አውራ ጣታቸውን በምሥራቅ ጥግ ላ ማዳሌና በምትባለው ደሴት ላይ አሳረፉ። «እዚህ ሳንደርስ ምኑን ሄድን?»

«ትንሽ ይርቃል» አልኳቸው።

«ስንት ዓመት ነድተሻል?»

«አልነዳሁም።»

«እንግዲያው!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ስለ ሚስትራሉ አላነሣሁም። ኢንገርም ስለ ዓይናቸው።

ሲወጡ ቱሪል ጠየቀችኝ። «እስከዚያ መሄድ ይበዛል አይደል?»

«ይበዛል።»

«ነገርሽው?»

«ዕቅዱ ላይ እጽፍላቸዋለሁ።»

«እሱ ካልሰማሽ ንገሪኝ፤ እኔ እደውልለታለሁ።»

አልነገርኳትም። ሩናር እንደፈለጉት እስከ ላ ማዳሌና የሚዘልቅ ሁለተኛ ዕቅድ አወጣሁና ከሰኞ በታች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከካስቴልሳርዶ ወዲያ መቀጠሉን እንደገና ቢያስቡበት መልካም ይሆናል።» ደጋግሜ አነበብኩት። ባደግሁበት ቤት አባቴን ለሚያህል ሰው ከዚህ የጠነከረ ቃል አይወጣም። ሊሰማ የፈለገ ሰው ይሰማዋል አልኩ። የተጣራ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ ሩናር ናቸው። ማክሰኞ ከካስቴልሳርዶ ወጥተው ሚስትራል መንገድ ላይ ደርሶባቸዋል። መሪውን ከኢንገር ተቀብለው ከላ ማዳሌና ወዲህ ያለው ሳንታ ቴሬሳ ወደብ እንደምንም ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ነፋሱ አስሯቸው ተቀምጠዋል። ጀልባው ደግሞ በማግሥቱ አልጌሮ መድረስ አለበት።

«እንዲያው ልሞክረው?» አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል።

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጭ ነበር። «ኔይ» አልኳቸው። «አይወጡም። ጀልባውን እዚያው ይተዉት፤ ባለጀልባዎቹ ሰው ልከው ይወስዱታል። እናንተ በአውቶቡስ ተመለሱ።»

«እሺ» አሉ ወዲያው።

ስልኩን ዘጋሁት። አርባ ዓመት የነዱ ሰው፣ በአንድ ቃል፣ ያለ ክርክር እሺ አሉኝ። ያ ቃል ሚያዝያም ላይ አፌ ውስጥ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ኢንገር ብቻቸውን መጡ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ዕቅዱን ከቦርሳቸው አውጥተው ገፋ አደረጉልኝ።

«ከሰኞ በታች ያለውን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«ይህን ስትጽፊ ምን ማለትሽ ነበር?»

«አትሂዱ ማለቴ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሱን አልጻፍሽም?»

«ለታላቅ ሰው እንደዚያ ማለት ከበደኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሩናርን አውቀዋለሁ፤ ለእሱ ኔይ በትልቁ ነው የሚጻፈው» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «እኔም ዓይኔን ደብቄዋለሁ። ብነግረው ኖሮ አይሄድም ነበር። ሁለታችንም አስተዋዮች ነን ብለን ተቀመጥን። ሙሉ ቀን መሪ የያዝኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እሑድና ሰኞ።»

ዕቅዱን አጥፌ መለስኩላቸው።

«የመጀመሪያው ዕቅድ አለሽ? የአጫጭሮቹ ቀኖች?»

ከመሳቢያ አወጣሁት። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ማክሰኞን አነበብኩ፦ ከካስቴልሳርዶ መልስ፣ ሃያ ሁለት ማይል፣ ማለዳ መነሣት፣ ጠረፉ በግራ። ረቡዕን አነበብኩ። ሐሙስ ላይ ስደርስ «ጠረፉ አሁንም በግራ ነው?» አሉ። «በግራ ነው» አልኳቸው። ዓርብን ጨርሼ ቀና ስል ካፖርታቸውን እየቆለፉ ነበር። አመሰግናለሁ ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የሆነውን ለቱሪል ነገርኳት። «የዕቅዱን ቅጽ ቀይሪው» አለች፤ ሌላ አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ዕቅድ አናት ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከዚህ ወዲያ አይኬድም።» ከስሩ የወደቡ ስም። አንዳንዱ ደንበኛ ተቆጣ፤ አንዱ መምህሬ ነሽ ወይ አለኝ። ሄደው የተመለሱት ግን መሪያቸውን ይዘው ተመለሱ።

አሁን ሥራውን ትቻለሁ። ጉልበቴም ትዕግሥቴም አልቋል። ዕቅድ ለምታወጡ የምለው ይህን ነው፦ መሄድ የሌለበት ቦታ ካለ፣ አይኬድም ብላችሁ ጻፉ። ለሽማግሌ ከሆነ፣ ዕቅዱን ተነሥታችሁ ስጡት፤ ቃሉን ግን አትቀይሩት።