ነጭ የቀረው ሳጥን

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ክረምቱ የከበደበት ወቅት ነበር። ታላቅ እህቴ ትንሿን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ እኔ ላስተረጉም አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ከልጅቷ ባት ጡንቻ ውስጥ የነቀርሳ ዕጢ ወጥቶላት ቁስሉ ድኗል። የቀረው የጨረር ሕክምና ብቻ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሊጀመር ተቀጥሯል።

ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ቤተሰባችንን መሳል ጀመረች። ሴት ክብ ነው፣ ወንድ ሳጥን፤ የታመመ ይጠቁራል። የልጅቷን ክብ አጠቆረችው። እናታችን በወጣትነቷ በጡት ነቀርሳ መሞቷን ስነግራት የእሷንም አጠቆረችው።

"ወንድምስ አላችሁ?"

ጥያቄው ስለገባት እህቴ እኔን አልጠበቀችም። "ዋን ብራዘር፣ አዲስ አበባ! ስቱደንት! ቬሪ ስትሮንግ!" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ኳስ እንደሚጫወትም ንገሪያት እንጂ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽው ዝም ለማለት ነው?" ብላ ሳቀች።

ወንድማችን ከሞተ ወራት አልፈዋል። የገደለውም የአጥንት ነቀርሳ ነው። ከአገር ቤት የተደወለው ኢቶቢኮ ለሚኖሩት አጎታችን ነበር። እሳቸው ለእኔ ነገሩኝ፤ ለእሷ ግን "ሕፃኗ ትዳንና እናረዳታለን" አሉ። እዚህ አገር መርዶም ቅዳሜን ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሺፍት አለባቸው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደግሞ ወይ ልጅቷን ያተኩሳታል፣ ወይ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ይተላለፋል። እህቴ "ይሄ ልጅ ለምን አይጽፍም?" ስትል፣ "ፈተና ላይ ነው" እላታለሁ።

ሐኪሟ ቀጠለች። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ሴሎች ከልክ በላይ እንዳያድጉ የሚጠብቅ ጂን ተበላሽቶ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል አለች። እንዲህ ባለ ቤት ሕፃኑም ወጣቱም ይታመማል፤ አንዱ በጡት፣ አንዱ በአጥንት፣ አንዱ በጡንቻ። ለእነሱ ጨረር ራሱ ከዓመታት በኋላ ሌላ ዕጢ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሌላ መንገድ ካለ ያ ይመረጣል። "እናንተ ጋ ግን ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ፣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል" አለች።

አንድም ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩ። እህቴ "ተመስገን" አለች። እኔ ወረቀቱን ነበር የማየው። የወንድማችን ሳጥን ነጭ ነው። ከጎኑ ያለው የእኔ ክብም ነጭ ነው።

ሐኪሟ እንደወጣች ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ኮሪደር ላይ ጠርቼ አስቆምኳት። ሰው ተከትዬ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ወንድማችን መሞቱን፣ በምን እንደሞተና እህቴ እንደማታውቅ ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችኝ።

"ለእናቷ ምክንያቱን ሳልነግር የልጅቷን ሕክምና መለወጥ አልችልም" አለች። "ነገ ጠዋት አምጫት። ከዚያ በፊት አንቺ ንገሪያት፤ ካልቻልሽ እኔ እነግራታለሁ።" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከእናታችን የመጣ ከሆነ ለእያንዳንዳችን የመተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል እንደሆነና እኔም መመርመር እንዳለብኝ ነገረችኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ በጉም በተሸፈነው መስኮት ላይ በጣቷ ትስላለች። እኔ በካፖርቴ ስር ብብቴን እየዳሰስኩ እንደነበር ያወቅሁት እህቴ "ምን ያሳክክሻል?" ስትለኝ ነው። እጄን አወጣሁ። መርዶ በእንግሊዝኛ፣ ቢሮ ውስጥ፣ የሚደግፋት ሰው በሌለበት! አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ።

የምንኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ እንደደረስን ከሕንፃችን ሥር ካለው የሕዝብ ስልክ ለአጎታችን ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መሆን አለበት።"

"በሥራ ቀን? ማን ይገኛል? ቅዳሜ ብያለሁ እኮ።"

"እስከ ቅዳሜ ጨረሩ ይጀመራል።"

"እሱ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አርፏል። ከልጅቷ ጨረር ጋር ምን አገናኘው?"

"በሽታው በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል ብላለች ሐኪሟ፣ ጋሼ። እንዲያ ከሆነ ጨረሩ ይጎዳታል።"

"እና አንቺስ?" አሉኝ።

"ነገ ይምጡ ብቻ፣ ጋሼ" አልኩ። "በቃ፣ ከናይት ሺፍት እንደወጣሁ እመጣለሁ። ሰውም ይዤ እመጣለሁ" አሉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እህቴ በሌሊት ልብሷ ከመኝታ ቤት ወጣች። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም።

"አትክፈቺ" አለችኝ። "በእናትሽ፣ አትክፈቺው።"

ከፈትኩት። ጋሼ ከነሥራ ጫማቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አንዲት ጎረቤታችንና ባለቤቷ ነበሩ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ስሙን ጠሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት አልጽፈውም። ጎረቤታችን ከኋላ አቅፋ ያዘቻት።

ጩኸቷ ጋብ ሲል፣ "ምን ሆኖ? ምን አግኝቶት?" አለች።

"ትንሽ አሞት ነበር" አሉ ጋሼ። "የእግዜር ፈቃድ ነው።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሁሉም ሟች የሚባለው ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም። እዚያ ላይ ከቀረ ግን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጨረሩ ሥር ትተኛለች።

"በአጥንት ነቀርሳ ነው፣ እትዬ" አልኩ። "እማዬ፣ እሱ፣ ልጅሽ። ከዘር ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ ጨረሩን ሳትጀምር እየጠበቀችሽ ነው።"

"ምነው አንቺ ልጅ! በእንባዋ ላይ?" አለች ጎረቤታችን።

እህቴ ማልቀሷን አቆመች። በጩኸቱ ነቅታ በር ላይ የቆመችውን የልጇን እግር አየች፤ ቀጥላም እኔን፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ወለሉን ተደግፋ ተነሳችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

እኔ የልጅቷን ካፖርት አምጥቼ ተንበረከክሁ። ቁልፉ ከጣቶቼ እያመለጠ አልገባ አለኝ።

"በረደሽ?" አለችኝ ልጅቷ።

"አዎ" አልኳትና እንደገና ከላይ ጀመርኩ።