አማቴ ያልሰጡት ቅርንጫፍ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የአንድ ልብስ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው ከሥራ የሚወጡ ሴቶችን ሲፈትሹ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ክር በሹሩባ ውስጥ፣ ቁልፍ በጫማ ገበር ሥር፣ አንዴ ደግሞ አንድ ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ በዳቦ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቆ አግኝተዋል። የዳቦውን ነገር በወር ቢያንስ አንዴ ሳያነሡት አይቀሩም። ሌላው ሰው የልጁን ምርቃት ሲያወራ ፊቱ እንደሚበራው፣ የእሳቸው ፊት የሚበራው ያኔ ነው።

ጡረታው ከፋብሪካው አስወጣቸው እንጂ አመላቸውን አላስጣላቸውም። ባሌ ገና እጮኛዬ ሳለ ቤት ይዞኝ ሲመጣ ተነሥተው አቀፉኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን መዳፎቻቸው ከብብቴ ጀምረው በሁለቱም ጎኔ ወረዱና ወገቤ ላይ አንዴ ጫን ብለው ተመለሱ። «ደህና፣ ትግባ» አሉት ልጃቸውን። ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። ባሌ አልሳቀም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሆን ብለው ቀልድ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

የምንኖረው የኪራይ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ግቢውን ከሌሎች ተከራዮች ጋር እንጋራለን፤ የውጭው ደረጃ በቀጥታ በረንዳችን ላይ ያወጣል። የበረንዳው ጥግ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይለየውም። እዚያ ጥግ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ፣ የአማቴ የበረሃ ጽጌረዳ ነበረች። የማያውቃት ሰው መጀመሪያ ሲያያት አታምርም። ከሥሯ ሆዷ የተነፋ፣ ከላይ ደግሞ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቅርንጫፎች ያሏት ነገር ናት። ውሃዋን ሆዷ ውስጥ ስለምታጠራቅም ወር ሙሉ ብትረሳት ቅር አይላትም። ስታብብ ግን ሌላ ናት፤ ዳሩ በቀይ ክር የተዘመዘመ የሚመስል ነጭ አበባ። ደረጃ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሳያያት አያልፍም።

ያመጡላቸው ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከሩቅ በረሃ አንዲት ቅርንጫፍ በፎጣ ጠቅልለው መጡ። በሦስተኛው ዓመት፣ ልክ እሳቸው ባረፉበት ሳምንት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበች። «ከእሱ የቀረኝ በሕይወት ያለ ነገር ይህች ብቻ ናት» ይላሉ አማቴ። ባሌ የማን ልጅ እንደሆነ ላስታውሳቸው እሞክራለሁ። «እሱማ አያብብም» ይሉኛል፣ ኮስተር ብለው።

እንግዲህ አበባውን ያየ ሁሉ መለመኑ አይቀርም። አማቴ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አይችሉም፤ ይሉኝታ አንቆ ይይዛቸዋል። መስጠትም አይወዱም። ስለዚህ እንዲህ ያደርጉ ነበር፦ በንጹሕ ቢላ አንድ ቅርንጫፍ ሰያፍ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ነጩ ወተት እስኪንጠባጠብ ይጠብቃሉ፤ «ዓይንሽን እንዳይነካሽ፣ መርዝ ነው» ብለው ለማኟን ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ ጓዳ ይገቡና «ውሃ አፍይልኝ!» ይሉኛል። የፈላውን ውሃ በኩባያ ሳቀርብላቸው የተቆረጠውን ጫፍ ነክረው ትንሽ ያቆዩታል።

«ለምንድን ነው፣ እማማ?» አልኳቸው በመጀመሪያው ጊዜ።

«ቁስሉ እንዳያመረቅዝ።»

አመንኳቸው። ሐኪም መርፌ ይቀቅል የለ?

ቅርንጫፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡ ምክራቸው ፍንክች የማይል ነበር። ሳምንት ሙሉ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁስሉ ይድረቅ፤ ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ይተከል፤ እስከ አሥር ቀን ጠብታ ውሃ አይየው። ሰዎቹም የታዘዙትን አደረጉ። አሥራ አንድ ቤት ወሰደ፤ የአሥራ አንዱም በሰበሰ። ሁሉም ጥፋቱን በራሱ እጅ አሳበበ። «የእርስዎ እጅ እኮ የተባረከ ነው» ይሏቸዋል። አማቴ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «የእጅ ነገር ነው እንግዲህ» ይላሉ።

አንድ ማለዳ በረንዳው ላይ «ተሰረቅኩ!» ብለው ጮኹ። ሮጬ ወጣሁ። አንድ ቅርንጫፍ ጎድሏል። የተቆረጠው በጥንቃቄ፣ ሰያፍ ተደርጎ ነው፤ ወተቱ ደርቆ ቁስሉ ላይ ረግቷል።

«ትናንት ቢላውን ያጠበው ማነው?» አሉኝ፣ ዓይኔን ዓይኔን እያዩ።

እንግዲህ ከእኔ ነው የጀመሩት። ቀጥለው ባሌን ጠረጠሩ፤ ከዚያ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ። ከሰዓት በኋላ ግን ፍለጋው አለቀ። «ኮሌታ ናት» አሉ።

ኮሌታ ምድር ቤት መጨረሻዋ ክፍል ውስጥ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። እዚያው ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ ስለኖረች ሰው ሁሉ የሚጠራት በዚሁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ፣ በአማቴ እጅ ተፈትሻ ወጥታለች። አንድም ቀን ምንም አልተገኘባትም። ለሌላ ሰው ይህ ምስክር ይሆናል። ለአማቴ ግን ከሁሉ የባሰ ማስረጃ ነው።

«ክር እንኳ? አንዲት ቁልፍ እንኳ? ይህችማ ያወቀችበት ናት!»

«እማማ፣ ሴትዮዋ ባትሰርቅስ?»

«ሦስት ጊዜ ቅርንጫፍ ለመነችኝ፤ ሦስቱም ሞተባት። ከዚያ መጠየቅ አቆመች። ለምን አቆመች?»

«ተስፋ ቆርጣ ይሆናላ።»

«እሷ? ወዲያ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አደረጉ። ኮሌታ ስትገባ ስትወጣ ዘንቢሏን በዓይናቸው ይበረብራሉ። አንድ ቀን «አሸዋ ይዛ ገባች!» ብለው ቢሮ ሳለሁ ደወሉልኝ። «ድመት እኮ አላት፤ ለእሷ መጸዳጃ ይሆናል» አልኳቸው። «ድመቷን አይተሻታል?» አሉኝ። እውነት ለመናገር አላየኋትም። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስገባ በኮሌታ በር በኩል ዞሬ አለፍኩ። መጋረጃዋ ተዘግቷል። ለምን ዘጋችው ብዬ ራሴን ስጠይቅ ደነገጥኩ። በሽታው ተጋብቶብኛል ማለት ነው።

አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል ግን አማቴ በመጠበቅ ብቻ አልረኩም። ባልዲውን አንሥተው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ፣ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መሐል ሸጎጡት። መስኮቱንም ዘጉ፤ በሩን ቆለፉ።

«ፀሐይ ካላገኘች ትሞታለች» አልኳቸው።

«ፀሐዩ ያለው ሌባው ያለበት ነው።»

ቅጠሏ መርገፍ ጀመረ። ጠምቷት ነው ብለው ውሃ አጠጧት። ባሰባት፤ ጨመሩላት። በሃያ ዓመት ያላደረጉትን ስሕተት በአምስት ሳምንት ደጋገሙት። ፍርሃት ያወቁትን ሁሉ አስረሳቸው። አንድ ቅዳሜ ሆዷን በአውራ ጣታቸው ሲነኩት ጣታቸው ገባ። ቢላ አምጥተው ጤነኛ ቦታ ፍለጋ ከላይ ወደ ታች መቆራረጥ ያዙ። እስከ መጨረሻዋ ጫፍ ድረስ ውስጧ ቡኒ ሆኗል። አላለቀሱም። ቢላውን ጠርገው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ቀን እህል ሲቀምሱ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ላጽናናቸው ብዬ፣ «ለስንቱ ሰው ሰጥተው የለ? ሞተብን ካሉት አንዱ ጋ እንኳ ኋላ ሳያቆጠቁጥ አይቀርም። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ እጠይቃለሁ» አልኩ።

«አትልፊ።»

«ምናለበት?»

«አትልፊ አልኩሽ! ውሃው...» አሉና አቆሙ። መሬት መሬት እያዩ ጨረሱት። «ጫፉን ከቀቀልሽው ሥር አያወጣም።»

ፊቴ ጋለ። ውሃውን ያፈላሁት እኔ ነኝ! በእያንዳንዱ ጊዜ፣ በገዛ እጄ፣ ፈገግ እያልኩ። ሰዎቹ ቁራጫቸው ሲበሰብስ «እጄ አይረባም» ሲሉ እኔም ከንፈሬን እየመጠጥኩ አብሬ አዝኛለሁ። ተናደድኩ፤ በጣም ተናደድኩ። የምናገረውን ሳልመርጥ፣ «እንግዲያው በሕይወት ያለ ካለ ያልሰጡት ነው!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የተሰረቀው ቅርንጫፍ ለሁለታችንም እኩል ትዝ አለን። ነጠላቸውን አነሡ።

ኮሌታ በሩን ከፍታ አማቴን ስታይ አልደነገጠችም። «ይግቡ፣ እትዬ። አንድ ቀን እንደሚመጡ አውቅ ነበር» አለች። በክፍሏ ጀርባ አንሶላ የምታሰጣባት ጠባብ ቦታ አለቻት። አንሶላውን ገለጥ አደረገችው። የበረሃ ጽጌረዳዋ አሸዋ ላይ ቆማ አብባለች፤ አንዲት ግራጫ ድመት ሥሯ ተኝታለች።

«ከእኔ በረንዳ ናት» አሉ አማቴ።

«አዎ፣ ከእርስዎ በረንዳ ናት።»

«ሰረቅሽኝ።»

«ሰረቅኩዎት። ሦስት ጊዜ ለመንኩ፤ ሦስት ጊዜ የተቀቀለ ሰጡኝ። ሦስተኛውን ሰንጥቄ አየሁት፤ እንደ ድንች በስሏል። ለማንም አልተነፈስኩም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት መርፌ ሳልወስድ ኖሬ በስተርጅናዬ ሌባ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።»

እኔ አፍሬ የማየው ጠፍቶኝ ድመቷን አያለሁ። «የእኔዋ ሞተች» አሉ አማቴ እንደምንም። «አንድ... አንድ ቁራጭ ስጪኝ።»

ኮሌታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቢላ ይዛ ተመለሰች። ቀጭኑን ሳይሆን እንቡጥ የያዘውን፣ ወፍራሙን ቆረጠችላቸው። አማቴ ዓይናቸውን ከእጇ አልነቀሉም። አንዴ ብቻ ምድጃው ላይ ወደተጣደው ማንቆርቆሪያ ገልመጥ አሉ።

«ለሻይ ነው» አለች ኮሌታ።

ሻይ ሳንጠጣ ወጣን። ቁራጩ ሳምንት ሙሉ ጥላ ውስጥ፣ ጋዜጣ ላይ ተኛ። አማቴ በቀን አሥር ጊዜ እያገላበጡ ያሸቱታል።

«ቢላ ልታመጣ ስትገባ ምን እንዳደረገች በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል። «ቢላውን ጨው ነክራው ቢሆንስ? ይህን የመሰለ ቅርንጫፍ ለእኔ በምን አንጀቷ ትሰጠኛለች?»

«ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ አይደለም!» አልኳቸው፣ ቁጣዬ ገና አልበረደም።

አልተቆጡም። «እኔ ብሆን አደርገው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ የማታደርግበት ምክንያት አይታየኝም።»

በስምንተኛው ቀን ተከሉት። በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ ላይ። እኔም ተገላገልን ብዬ ተውኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሥራ ስመለስ አማቴ በረንዳው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። አፈሩ ተገልብጦ ጋዜጣ ላይ ተበትኗል። ቁራጩ መዳፋቸው ላይ ነው። የታችኛው ጫፉ አራት ነጫጭ ሥር አውጥቷል፤ ሁለቱ ሲነቅሉት ተበጥሰው ቀርተዋል።

«እየበሰበሰ እንደሆነ ልየው ብዬ ነበር» አሉኝ። «ሥር አውጥቷል። ምንም አላደረገችበትም፤ ደህናውን ነው የሰጠችኝ።»

ከዚያ አለቀሱ። ጽጌረዳቸው ስትሞት ያላለቀሱት ሴትዮ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስንት ሳምንት ተሸክሜው የከረምኩት ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። አሳዘኑኝ። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሁለቱ ሥሮች ደህና ናቸው፣ እማማ። ጥቂት ቀን ደርቆ እንደገና ይተከላል።»

«በእኔ እጅ አይሆንም። ነገም እነቅለዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ቁራጩን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «አንቺ ትከዪው። የት እንደተከልሽው ግን አትንገሪኝ። ብለምንሽም፣ ባለቅስብሽም እንዳትነግሪኝ።»

ተከልኩት። አሁን አምስት ቅጠል አውጥቷል። የት እንደሆነ ግን እዚህም አልጽፈውም፤ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡታል።